ሠላሳ ስድስት ነጥብ አምስት

እህቴ ድናለች፤
ፊርማ ያረፈበት፣ ማህተም ያለው ወረቀት አላት፤
ነርሶቹ ተሰልፈው፣ ደወሉን አስደውለው፣ አጨብጭበው ሸኟት።
ከሳንቲያጎ እስከ ቫልዲቪያ፣ ሌሊቱን በአውቶቡስ፣
የእናቴ እጅ ግንባሯ ላይ ነበር፣ እስኪነጋ ድረስ።

ይኸው ሁለት ዓመት።
ወንዙ ሁለቴ ሞልቶ፣ ሁለቴ ጎደለ፤
ሚላራይ ትምህርት ቤት ስትመለስ፣ እኩዮቿ አንድ ክፍል ቀድመዋት፣
ወንበሯ ላይ ሌላ ሰው ዋለ።
እናቴ ግን ማታ ማታ፣
ምድጃው ውስጥ እንጨቱ አመድ ወደ መሆን ሲያዘግም፣
በካልሲ ትመጣለች፤ ጣውላው የት እንደሚጮህ ታውቃለች፣ እዚያ አትረግጥም።
ከእህቴ ብብት ሥር ቴርሞሜትሩን ታኖራለች፤
እህቴ የተኛች ትመስላለች።
እኔ ከሳንቃው ግድግዳ ወዲህ ሆኜ እቆጥራለሁ፤
ጲ፣ ጲ፣ ጲ። ከዚያ ትንፋሼን እለቃለሁ።
ሠላሳ ስድስት ነጥብ አምስት።
እናቴ ደብተር ላይ ታሰፍራለች፦ ቀን፣ ሰዓት፣ ቁጥር፤
የእኔ የሒሳብ ደብተር ነው፣ ያልተጻፈበት ገጹ ብዙ ነበር።

አባቴ ዓሣ ይሸጣል፣ ገበያው ወንዙ ዳር፤
ከባሕር አንበሶች ጋር እንጂ ከሰው ጋር አያወራም ነበር።
ፀጉሯ የረገፈ ለት ራሱን ተላጨ።
የእሷ በቀለ፤
እሱ ግን እሑድ እሑድ ከመስታወቱ ፊት፣ ምላጭ እንደያዘ አለ።

ሐሙስ ሐሙስ እንሄዳለን፣ ከዳቦ ቤቱ በላይ፤
ስድስት ወንበር፣ አንድ መስኮት፣ ዝናብ የሚወርድባት ጠባብ ሰማይ።
ወይዘሮ ፍሬሲያ ነጭ ጋውን አትለብስም፤
ክኒን የላት፣ መርፌ የላት፤ ጠይቃ ዝም ትላለች፣ ዝምታውን ቶሎ አትደፍንም።

አንድ ሐሙስ «እቤታችሁ የታመመው ማነው?» አለች።
ሁላችን ወደ ሚላራይ አየን። ሚላራይ ሣቀች።
«እኔ ድኛለሁ፤ አሁን እማዬን ነው የማድነው፤
ተኝቼ ካላየችኝ አትተኛም፣ ለሷ ብዬ ነው ዓይኔን የምከድነው።»
እናቴ ኖልቢያ ቦርሳዋን ጭምቅ አድርጋ ያዘች፣ ሌባ እንዳየ ሰው።

ፍሬሲያ ወደ እኔ ዞረች፤ «አንተስ?»
ማንም «አንተስ» ብሎኝ አያውቅም፤ ምን ብዬ ልመልስ?
«ደህና ነኝ» አልኩ። አፌ ለምዶታል።
እሷ ጠበቀች። ከታች የትኩስ ዳቦ ሽታ መጣ፤
ሳላስበው ወጣ፦

«እናንተ ሳንቲያጎ ሳላችሁ፣ ስምንት ወር፣ እኔ ጎረቤት፤
አሥራ ሁለት ዓመቴን የሞላሁት በሰው ቤት።
አልረሳችሁኝም፤ ደውላችኋል፤
ግን ከድምፃችሁ ኋላ የማሽን ጩኸት ነበረበት።
ከመጣችሁም ወዲያ አንድ ማታ ትኩሳት ያዘኝ።
አልተናገርኩም። ቴርሞሜትሩ አንድ ነው፣ የሷ ነው።
ደግሞ የኔ በሽታ ወደሷ እንዳይሻገር ብዬ፣
ማገዶ ቤት አደርኩ፣ እርጥብ ፎጣ ግንባሬ ላይ ጥዬ።»

ማንም አልተነፈሰም።
አባቴ መላጣውን በሁለት እጁ ያዘ።
እናቴ ቦርሳዋን ከፈተች፤
ለካ ይዛው ነው የምትዞረው! ከቁልፍና ከመሐረብ መሀል አወጣች፤
ሸሚዜን ገልጣ፣ ዓመት ከምናምን ዘግይታ፣ ብብቴ ሥር ከተተች።
አምስታችን ጠበቅን።
ጲ፣ ጲ፣ ጲ።
«ሠላሳ ስድስት ነጥብ...» ብላ ጀመረች፤
ነጥቡ ላይ ድምፅዋ ተሰበረ፤
ጢሙ የጀማመረውን ልጇን እንደ ሕፃን አቀፈች።

አሁን ሁሉ ተስተካክሏል ብዬ አልዋሽም።
ምርመራ ሲቃረብ እቤታችን ሹካ እንኳ ሳህን አይነካም።
አንዳንድ ሌሊት ጣውላው ሲጮህ እሰማለሁ፤ መጠንቀቅ ትታለች፣ ይሻላል።
ደብተሩን ግን ሚላራይ ወሰደችው፤
ቁጥር አይደለም የምትጽፈው፦
«ማክሰኞ። ፈራሁ። ለእማዬ ነገርኳት። እሷም ፈርታ ኖሯል። ዳቦ በላን።»
«ዓርብ። ምንም።»
«ቅዳሜ። ወንድሜ ሲያንኮራፋ ግድግዳው ይንቀጠቀጣል።»

አባቴም ምላጩን ተወ። ፀጉሩ ሸብቶ በቀለ።
ትናንት እራት ላይ፣ ቀና ሳይል፣
«የባሕር አንበሶቹ ዛሬ አላወቁኝም» አለ።
ቀልድ ነበር።
ቀልድ መሆኑን እስክናውቅ ድረስ
ሾርባው ቀዘቀዘ።