ወቅቱ አይደለም

አጉማስ ሳቀብኝ፣ ጀልባውን ሸራ ሲያለብስ፣
«በሐምሌ? ወቅቱ አይደለም እኮ፤ ጠብቂ፣ መስከረም ይድረስ።»
ሞተሩን ፈትቶ ዘይቱን በጨርቅ ይጠርጋል፣
ወደቡ ባዶ ነው፤ ዝናብ ብቻ ደረጃውን ይወርዳል፣ ይወጣል።

እኔ ግን የምፈልገው ይኸንኑ ነው፣ ወቅት ያልሆነውን፣
ካሜራ ያነገተ እንግዳ ያልረገጠውን፣
ጣና ከጉማራ ቀይ ጭቃ የጠጣበትን፣
ሆቴሉ በግማሽ ዋጋ፣ አስተናጋጁ በሙሉ ልብ የሚያንቀላፋበትን።

በመብራት ቢል ጀርባ እቅዴን ጽፌያለሁ፦
ቦቲ ጫማ፣ ሁለት። ጃንጥላ (ነፋስ ይገለብጠዋል፤ ይሁን፣ እይዛለሁ)።
ቆሎ። ፌስታል ለስልክ። ስኳር፣ ሩብ ኪሎ።
ይበልጣል በትከሻዬ በላይ ያነባል፤ «ስኳሩስ?» ይላል፣ የማያውቅ መስሎ።

ለዳማ ነው እንጂ።

ባጃጅ ከተማውን ሲወርረው፣ እንደ ሰማያዊ ጢንዚዛ፣
የጋሪ ፈረስ ዋጋው ከድርቆሹ አነሰ፤ ማን ይግዛ?
ጋሪው ለማገዶ ሄደ፣ ጎማው ለበር ማስደገፊያ፣
ልጓሙ ከቆጣሪው ሥር ቀረ፣ ለጃንጥላ ማንጠልጠያ።
አባባ አንድ ሌሊት ፈረሱን ይዞ ወጣ፣
በሦስተኛው ቀን በእግሩ፣ ባዶ እጁን መጣ።
የት አደረስከው ስለው፣ «ፎገራ፣ ሣር አለ» አለኝ፤
ይኸው ዘጠኝ ዓመት፣ ሌላ ቃል አልጨመረልኝ።

አሁን ግን መረብ የሚጥሉ ሰዎች ያወራሉ፤
ሌሎችም ጋሪ ነጂዎች እንደ አባባ አድርገው ኖሯል፤ ፈረሶቹ እዚያ አሉ።
በበጋ ከከብቱ ጋር ናቸው፣ ማንም ልብ አይላቸውም፤
ክረምት ጉማራ ሞልቶ ሜዳውን ሲውጥ፣ አንዲት ጉብታ ትቀራለች፤ እሷን አይውጣትም።
ደሴት ትሆናለች፣ ለሁለት ወር፣ ካርታ የማያውቃት፣
ፈረሶቹ ብቻቸውን ያድሩባታል፣ ውሃው ሲከባት።
ጋማቸው ረዝሞ ዓይናቸውን ሸፍኗል፤
ውርንጭላ ወልደዋል፣ ጅራፍ የማያውቅ፣ ሰው ሲያይ ይሸሻል፣ ቆም ብሎ ደግሞ ያያል።

እና ስሌት አለ። ሦስት ሰዓት በሞተር፤ እምቦጭ ከጠለፈን፣ አምስት።
ነዳጅ ከጥቁር ገበያ፤ ለአጉማስ አበል፣ ለፍርሃቱም የሚሆን ጥቂት።
ከሰዓት ማዕበል ስለሚነሳ፣ ሳይነጋ መነሳት፣
ጉብታዋ ላይ አለመጮህ፤ ነፋስ ወደ እነሱ በማይነፍስበት መቆም፤ እጅ አለመዘርጋት።
በስሙ አለመጥራት። ይህን ሁለት ጊዜ አሰመርኩበት።
ብጠራው ቢመጣስ? ሲጠብቅ ኖሮ ቢሆንስ፣ እዚያ ጭቃ ላይ፣ እስክንመጣለት?
ባይመጣስ?
ደረቱ ላይ የጋሪው ጠፍር የላጣት፣ መዳፍ የምታህል መላጣ
(ማታ ማታ ቅባት ስቀባት ቆዳው ይርገበገብ ነበር፣ ዝንብ እንደነካው፣ ሳይቆጣ)
ጠጉር አብቅላ ይሆን?

አባባን ጠየቅሁት። ሬዲዮውን ቀነሰ፣
«የፈታሁትን እንስሳ ሄጄ አላይም» ብሎ መለሰ።
«ለፈረስ፣ ልይህ ማለት ልያዝህ ማለት ነው፤ እናንተ ሂዱ፣ እኔ ልቅር፤
ደግሞ ሐምሌ ነው፣ ጉልበቴን ይዞኛል፤ ወቅቱ አይደለም።» ሬዲዮውን ጨመረ። የሰብል ዜና ነበር።

ሌሊት ዝናቡ ቆርቆሮውን በሰኮና ሲረግጠው ነቃሁ፤
ሳሎን መብራት በርቷል፤ በበሩ ስንጥቅ አየሁ፤
አባባ መነጽሩን አድርጎ፣ ቢሉን ወደ አምፖሉ አስጠግቷል፣
እስክሪብቶ አጥቶ፣ በልጆቹ ቀይ እርሳስ ይጽፋል።

ጠዋት ዝርዝሬን አየሁት። ስኳሩ ተሰርዟል፣ በወፍራም መስመር፤
ከጎኑ በዚያ በተጣመመ ፊደሉ፦ «ስኳር ለሰው ነው። እሱ የሚወደው ጨው ነበር።»
ከላይ ደግሞ፣ ቦቲ ጫማ፣ ሁለት ያልኩት፣
ሦስት ሆኗል፤ ቁጥር አርባ አንድ፤ «ሰፋ ይበል፣ በካልሲ ነው የማጠልቀው» ብሎ ጽፎበት።