ሳህኑ የጠፋበት ልክ

በሌላ ቤት ሳህን ሲጠፋ፣ ሠራተኛ ትጠየቃለች፤
ሄልሚ ግን በየሳምንቱ፣ ሆን ብላ ታጠፋዋለች።

ኢሊ፣ ሚኒሶታ ጫፍ። ሠላሳ ስምንት ዓመት ፖስታ ያደለች፤
አሁን ማክሰኞ ማክሰኞ፣ ቀትር ላይ፣ ነፋስ ከሌለ፣
ጀልባዋን ገፍታ ኮርፒ ሐይቅ መሐል ትቆማለች።
ሳህኑ ነጭና ጥቁር፣ ዳቦ መስሎ ለአራት የተከፈለ፤
በጥላው በኩል ትለቀዋለች፣ ገመዱ በሜትር የተቋጠረ፤
አንድ። ሁለት። ሦስት። ነጩ መጀመሪያ ሻይ መሰለ፣
ከዚያ አረንጓዴ፣ ከዚያ ነበረ ወይስ አልነበረ።

“ጠፋ” ትላለች። ትጽፋለች።
ጥቂት ጨምራ ታወርድና ቀስ እያለች ትስባለች፤
“ታየ” ትላለች። ትጽፋለች።
“እውነቱ፣” አለችኝ አንድ ቀን፣ “ከጠፋና ከታየ መሐል ነው፤
ሁለቱን ደምረህ እኩል ስትገምሰው።”

ሃያ ስድስት ዓመት። አራት ደብተር፣ ጠርዙ የዓሣ ቅርፊት የደረቀበት።
እኔ ላቦራቶሪ ነኝ፤ ቁጥሯን ነጥብ በነጥብ የምሰቅልበት።
መስመሩ ዘመኑን ሁሉ አምስት ከስልሳ ላይ ሲንሳፈፍ ኖሮ
ከአምስት ዓመት ወዲህ ቁልቁል፣ ቁልቁል፣ ሦስት ድረስ።
አለቃዬ ተደሰተ፤ ማለቴ፣ ደነገጠ፤
በእኛ ሙያ ሁለቱ ፊት ላይ አይለዩም።
“ሐይቁ ታሟል፤ ሂድና ናሙና ቅዳ” አለኝ።

በሐምሌ ሄድኩ፣ ጠርሙስና ማጣሪያ፣ ስስ መረብ ይዤ።
ገመዱን ለቀቀች፤ እኔም ከጎኗ፣ በጀልባው ጠርዝ ላይ ደገፍ ብዬ።
“ጠፋ” አለች፣ ሦስት ሜትር ላይ።
እኔ ግን አየሁት።
ገመዱ ሲንሸራተት፣ አራት ሲያልፍ፣ አሁንም እያየሁት
ስለ ዓሣው ጠየቅኳት፣ ስለ ውሻዋ፤ ቁጥሩን ብቻ ሸሸሁት።

ወደ ዳር ስንመለስ ሞተሩን አጥፍታ፣ ቀና ሳትል፣
“አንተ ጋ የት ጠፋ?”
“አራት ከሠላሳ።”
ሉን የሚሏት ወፍ ከሸምበቆው ጀርባ ጮኸች።
“እንግዲህ ዓይኔ ነዋ፣” አለች፣ “አምስት ዓመት ሐይቁን ሳማው የኖርኩት።”

መስከረም ላይ ዱሉዝ ወረደች።
የጥንቱ ሞራ ገላጭ፣ ሞራ ዘርግቶ፣ የሚመጣውን ያያል፤
የዱሉዙ ሞራ ገላጭ፣ ሞራ ገፍፎ፣ ያለውን ያሳያል።

በጥቅምት፣ ውሃው በረዶ ሳይሆን፣ “ና” ብላ ደወለች።
ሳህኑ ወረደ። እኩል አፍ ከፍተን “ጠፋ” አልን፤
አራት ከሠላሳ።
ዝም ብለን ቀነስን።
ከጎደለው ግማሹ የዓይኗ ነበር። ግማሹ የውሃው።

“የአምስቱን ዓመት ልሰርዘው?”
“ተው፣” አለች፤ እርሳሷን በምላሷ አርሳ
ደብተሩ ጠርዝ ላይ ጻፈች፦
እስከዚህ ዓይኔ ነው። ከዚህ በታች ሐይቁ ራሱ።

ነፋስ በማይደርስበት፣ ከወንዙ መግቢያ ጥጉ ላይ፣
ስስ አረንጓዴ ተኝቷል፣ እንደ ሞራ ውሃው ላይ።
በመቅዘፊያዋ ነካ አደረገችው፤ ተከፈለና መልሶ ገጠመ።
“ለዚህኛውስ?” አለች። “ዱሉዝ ይወስዱታል?”
ልስቅ ብዬ ተውኩት። ጠርሙሴን ሞላሁ፣ ቀኑን ጻፍኩበት።

እሷ ገመዱን ጠቀለለች፤
ሳህኑን በእጅጌዋ፣ አንድ ሰው እንደሚበላበት፣
ገልበጥ እያደረገች አደረቀች።