የቆዳ ገበር

ጉድጓዱ ሲዘጋ በፔትሮሻን ከተማ፣
ያ የፋኖስ ማደያ፣ ያ ረጅሙ ጨለማ፣
ኖራ ተቀባና፣ ነጭ በነጭ ለብሶ፣
ስምንት አልጋ ገባው፣ ለውበት ሙያ ታድሶ።
እኛ አሥራ አንድ ሴቶች፣ የቆፋሪ ዘሮች፣
ጋዋን አጠለቅን፣ የፊት ተማሪዎች።

መምህሯ ቬቱርያ፣ ድምጿ እንደ መቀስ፣
«እጅሽን ታጠቢ» ነው የትምህርቷ ራስ።
«ጥፍርሽን ቁረጪ። ቀለበት አውልቂ።
ሳትጠይቂ አትንኪ፤ ስትነኪ ጠይቂ።
‹ምን ያሳክክዎታል? ምን መድኃኒት ይወስዳሉ?›
ብለሽ አስቀድሚ፤ ሰዎች ይረሳሉ።
ካርዱ ላይ ሳትጽፊ ክዳን አትክፈቺ፤
ያልጠየቁት ቆዳ ይቃጠላል። ስማራንዳ! አትሳቂ አንቺ።»

ስማራንዳ እኔ ነኝ። ከኋላ ተቀምጬ
የቆዳን ሥዕል ስል፣ እርሳሴን አላምጬ፦
ላይኛው የሞተ ነው፣ ቅርፊት ነው፣ አቧራ፣
በሃያ ስምንት ቀን ይረግፋል በተራ።
ከዚያ በታች ደግሞ፣ እንደ ካፖርት ገበር፣
ደም ሥርና ነርቭ የሚያድሩበት ሰፈር።
የወዝ ዕጢም እዚያ፣ የጠጉርም ሥሩ፤
«ያልረገፈ ሁሉ ገበር ነው ማኅደሩ»
አለች መምህሯ። ጻፍኩት፤ አልገባኝም።
በፈተናው ጊዜም መልሱ አልመጣልኝም፤
«ወዝ ከየት ይወጣል?» ቢለኝ ወረቀቱ፣
«ከላይ» ብዬ ነበር፤ ዜሮ ነው ውጤቱ።

ሐሙስ የተግባር ቀን። ለእኔ የደረሰች
ሴትዮ ጉልበቷ አብጦ ከቤት ቀረች፤
«ፊት ያው ፊት ነው» ብላ ባሏን ብትልከው፣
በር ላይ ቆሞ አገኘሁ፣ ቆቡን ያወለቀ ሰው።
አንጌል። በዚሁ ክፍል፣ በዚያች መስኮት በኩል፣
ሃያ ሰባት ዓመት ፋኖስ ሲቀበል፤
አልጋዬ የቆመው ወረፋ ይይዝበት የነበረው ጋ ነው ይላል።

ካርዱን አወጣሁ። «የሚያሳክክ?» «የለም።»
«መድኃኒት?» «ለደረት።» «ክሬምስ?» ሳቀ። «ክሬም!»
«ሙያ?» «ወዝ አደር ነኝ።» ያንን ቃል ከሰማሁ
ዘመን ነበር፤ ቀና ሳልል ጻፍሁ።

ዓይኑን ጨፈነ። ሙቅ ፎጣ አለበስኩት፣
በጥጥ፣ በቀላል እጅ፣ ከግንባር ጀመርኩት።
ከቅንድቡ በላይ ሰማያዊ መሥመር፣
የክብሪት እንጨት ያህል፣ ቀጭን እንደ ክር።
እድፍ መሰለኝና ደገምኩት፣ ሰለስኩት፤
ጥጡን ነጭ እንደሆነ ነው ሦስቴ የመለስኩት።
«ልጄ» አለኝ ከፎጣው ሥር፣ ዓይኑን እንደ ጨፈነ፣
«አትድከሚ በከንቱ፤ እሱ ፊቴ ከሆነ
ሠላሳ ሁለት ዓመቱ። ጣሪያው ወረደና
ከሰል ገባ በቁስሉ፤ ሐኪም ሰፋውና
ሳይታጠብ ተዘጋ። ከጎኔ የነበረው…»
አለና ዝም አለ።
ጉንጩ በእጄ ሥር ጠነከረ፤ ቆይቶ ላላ፣ ቀለለ።

ሒሳቡን ሠራሁት፤ በሃያ ስምንት ቀን ሲሰላ፣
ከአራት መቶ በላይ ፊት ረግፏል፣ ተተክቷል በሌላ፤
መሥመሩ ግን አለ። ፊቱ ላይ ፊት አለ፣
ሁሉ ሲረግፍ፣ ሲታደስ፣ ገበር ውስጥ የዋለ።

ቬቱርያ መጥታ ከኋላዬ ቆመች፣
በማጉያው መብራት ግንባሩን አየች።
«እዚህ ድረስ ነው ሥራሽ» አለችኝ በጆሮ።
«ገበር የሚነካው ሐኪም ነው፣ ተምሮ።
አንቺ ጻፊው እንጂ አትፈትጊው፤
አንድ ቀን ቢለወጥ ቀድመሽ እንድታውቂው።»

ጻፍኩት። «ሰማያዊ። ሁለት ሴንቲሜትር። አያመውም።»
ላልጨረሰው ስም ግን ካርዱ ቦታ የለውም።

ቅባቱን አሙቄ በመዳፌ መካከል፣
ከአንገት ወደ ጉንጩ፣ ወደ ላይ፣ ያለ ኃይል፣
ሳሳርፈው አንኮራፋ፤ የዚያ ሰፊ ደረቱ
ዳገት እንደሚወጣ ፉርጎ ነው ድምፀቱ።
ሲነሳ መስታወት ሰጠሁት። አየና፣
«ለሠርጌ እንኳ እንዲህ አልበራሁም» አለና
ቆቡን በእጁ ይዞ ወጣ ወደ በረዶ።
እንዳይጠፋበት ይሆን፣ ወዙ፣ በቆቡ ተጋርዶ?

ሰኞ ለፈተና ዳግመኛ ተቀመጥኩ።
«ወዝ ከየት ይወጣል?» ትንሽ ቆየሁ፤ ሳቅኩ።
«ከገበሩ» አልኩና፣ እርሳሴን አስቀምጬ
ጣቴን አየሁ፣ በብርሃን ገልብጬ፤
ጥፍሬ ሥር ነጭ ክሬም።
በአባቴ ጥፍር ግን ጥቁር ነበር፣ ጠዋት ማታ።
እጄን ልታጠብ ተነሳሁ፤ በሩ ተንኳኳ በዚያው አፍታ።