ውሃ በማገዶ ዋጋ

እዚያም ክረምት የሚገባው በሰኔ ነው፤
ዝናቡ ግን ነጭ ነው፣ ድምፅ የለው፣ ቀስ ብሎ ነው የሚጫነው።
በቺሌ ደቡብ፣ መንገዱ ከሚያልቅበት፣
ቪያ ሌንጋ ይሏታል፣ ተራራ እንደ ጎድጓዳ ሳህን የያዛት፤
ጭሷ መውጫ የላት።

ሱኒልዳ ናዌልኪን ማዘጋጃ ቤቱ ግዢ ክፍል ትሠራለች፤
አሥራ ዘጠኝ ዓመት የጨረታ ፖስታ ከፍታለች፣
አሥራ ዘጠኝ ዓመት ቁጥር ደርድራ፣ ትንሹን በቀይ ከብባ፣
ማኅተሟን መትታ ቤቷ ገብታለች።

ሕጉ አጭር ነው፦ ያነሰ ያሸንፋል።
በመጋቢት የተቆረጠ፣ በግንቦት የተጫነ እንጨት
ቅርፊቱ ገና እያለቀሰ ትምህርት ቤት ደጃፍ ይራገፋል።
ምድጃ ውስጥ ያፏጫል፣ አረፋ ይደፍቃል፣
ከመንደዱ በፊት ይፈላል።
ጭሱም ከጣሪያ ወጥቶ መሄጃ ሲያጣ
በመስኮት ይመለሳል፣
እንደ ዘመድ፣ ሳይጠራ እንደመጣ።

አንድ ቀን የሁለተኛ ክፍል መምህርት
«ሰማይ ሳሉ» አለች።
ቤሊሳሪዮም ሳለ።
እርሳስ ሳያነሳ፣ ወረቀት ሳይነካ፣
ደረቱን ይዞ ሳለ።
ሲበርድለት ግራጫውን ቀለም መረጠና
ሰማዩን፣ እንዳየው፣ ሳለ።

ሱኒልዳ የልጁ አክስት ናት።
ሥዕሉን አየች፣ ምንም አላለች።
ከትምህርት ቤቱ ክምር አንድ ጉማጅ አንስታ መዘነች፦
ስምንት ኪሎ።
ከቢሮዋ ማሞቂያ ጎን ተወችው፤
ተላላኪው ኦስቫልዶ ሁለቴ ተደናቀፈበት፣ ሁለቴ ረገማት።
በመስከረም ዳግም ስትመዝነው አምስት ሆነ።
ሦስቱ የት ገባ?
ውሃ ነበር።
ሰማይ በነጻ በሚያፈስበት አገር
በደረሰኝ፣ በማኅተም፣ በሕዝብ ገንዘብ፣
በቶን የገዛነው ውሃ ነበር።

እኛ «በደረቅ አበሳ እርጥብ ይነዳል» እንላለን፤
ቪያ ሌንጋ ተረቱ ተገልብጦ
በእርጥብ አበሳ ደረቅ ሳል ይሰማል።

በሚቀጥለው ዓመት ሰነድ፣ ገጽ አሥራ አንድ፣
ከዋስትናውና ከርክክቡ አንቀጽ መሃል
አንድ መስመር ጨመረች፦
«የእንጨቱ እርጥበት ከመቶው ሃያ አምስት እጅ አይበልጥም፤ ሲራገፍ ይለካል።»
ይኸው ነው። ሰልፍ የለ፣ መፈክር የለ።
በመክፈቻው ዕለት ሳጥኑን ገለበጠችው፤
አንድ የሞተ ዝንብ ወደቀ።

ግንቦት አለቀ። ልጆቹ ካፖርት ለብሰው ጻፉ፣
እናቶች ቢሮዋ ደጅ ተሰለፉ።
«ጭሱስ ቢሆን ሙቀት ነበረው!»
ዝም አለች፤ እውነታቸውን ነዋ።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ኤቫሪስቶ ካርካሞ መጣ፣
ሁለት በጋ ሙሉ ከቆርቆሮ ጥላ ሥር
እንጨቱን ደርድሮ የሚጠብቅ ሽማግሌ፤
ቆርጦ ወዲያው ስለማይሸጥ «ሰነፉ» ነበር ስሙ።
ከካፖርቱ ሁለት ፍልጥ አወጣና አጋጫቸው፤
እንደ ጠርሙስ ጮኹ።
ዋጋው ካምናው በሲሶ ይበልጣል።
ቀዩን ብዕር አነሳች፣
እጇ እየተንቀጠቀጠ ከበበች።

በነሐሴ ከዋና ከተማ የኦዲት ደብዳቤ ደረሰ፦
«ርካሹ እያለ ውዱን ለምን መረጥሽ?»
ሦስት ሌሊት ረቂቅ ጻፈች፣ ሦስት ሌሊት ቀደደች።
በአራተኛው፦
«ውዱን መርጫለሁ። ትክክል ነው።
አባሪ፦ አንድ ጉማጅ።»
ጉማጁን በካርቶን ጠቅልላ በፖስታ ቤት ላከች።

መልስ እስከ ዛሬ የለም።
ምናልባት ደመወዟ ይቆረጥ ይሆናል፤
ምናልባት ያ ጉማጅ፣ በደንብ ደርቋልና፣
የአንዱን ኦዲተር እግር አሙቆ አልቋል።

ከተማዋ ዛሬም ትጨሳለች፤ ሺህ ቤት
ያገኘውን፣ የቻለውን፣ እርጥቡን ይማግዳል።
በትምህርት ቤቱ ጣሪያ ላይ ብቻ
ጭሱ ቀጥኗል፣ በእርሳስ የተሰመረ ያህል።
ቤሊሳሪዮ ማታ ማታ ቤቱ ይስላል፣ በደረቱ፤
ቀን ቀን ደግሞ ክፍል ውስጥ
ይስላል፣ በእርሳሱ።