አንዲት ጭረት

በሄናን ሜዳ ላይ፣ በዚያ የመኸር ወር፣ ሚዛን ያዥ ነበርኩኝ፤
ፊደል ስለቆጠርኩ ከማሳ ተነሥቼ ወንበር ላይ ተሾምኩኝ።
ብረት አምጡ ተባለ። ብረት ከየት ይምጣ?
ከመሬታችን ሆድ ከሸክላ አፈር በቀር አንዳች ነገር አይወጣ።
ግን ትእዛዝ ነውና፣ ቤት ያፈራው ሁሉ ተለቅሞ ወጣ፦
ድስትና መጥበሻው፣ የበር ማጠፊያ፣
የአክስቴ መቀስ፣ የበቅሎ ልጓም፣ የሾርባ መጭለፊያ።
ድስት ምን ያደርጋል? ማዕዱ ከእንግዲህ የጋራ ነው አሉ፤
መንደሩን በሞላ በአንድ አዳራሽ ጠርተው፣ ጠግባችሁ ብሉ አሉ።
(በላን። ሁለት ወር በላን፣ እውነት ለመናገር፤
እንዲያ ጠግቤ አላውቅም ነበር።)

ጓን ዪሼንግ መጣ፣ ያ ቁልፍ ሠሪው፣
በጆንያ ታጭቆ የዕድሜ ልክ ሥራው፤
ዓሣ የሚመስል ጓጉንቸር ነው ሁሉም።
«ዓሣ አይተኛም» ይላል፣ «ዓሣ ዐይን አይከድንም፤
ከእሱ የሚበልጥ ዘበኛ አይገኝም።»
ዐሥር ጂን ወጣቸው፤ «ዐሥር» ብዬ ጻፍኩ፤
ጓድ ሊያው ከኋላ ሲያጎነብስብኝ በትንፋሹ አወቅኩ።
በእኛ ፊደል ዐሥር የመደመር ምልክት ይመስላል፤
አናቱ ላይ አንዲት ጭረት ሲጨመር ሺ ይሆናል።
ብዕሬን ወሰደ። ጫረ። መለሰልኝ።
«ቀለም አትቆጥቢ፣ ልጄ» ነው ያለኝ።

እቶኑ ጭቃ ነው፣ ከእናቶቻችን ፀጉር ጋር የተቦካ፤
የኮክ ዛፉ ሲያልቅ አልጋና በር በላ፣ እሱ ግን አልረካ።
ማሽላው ሜዳ ላይ ቆሞ ቀረ፣ አጫጅ አጥቶ፣
ወፍ እየለቀመው፣ በቁሙ ሻግቶ።
(ማጭድስ የት አለ? እሱም ቀልጧል ገብቶ።)
በዐሥራ አንደኛው ቀን እቶኑን ሰበርነው፤
ከበሮ መትተን፣ ቀይ ጨርቅ አስረን፣ በጋሪ ላክነው።
ወረዳው መለሰው፦ ምስማር የማይወጣው የብረት ኩበት ነው።
ሪፖርቱ ግን አልተመለሰም፤ እሱ ሄደ፣ ሄደ፣
ከወረዳ አውራጃ፣ ከአውራጃ ክፍለ ሀገር፣ በደረሰበት እየወለደ።

እህሉም እንደ ብረቱ በጭረት ነበርና የተቆጠረው፣
በጭረቱ ልክ ጭነው ወሰዱ፤ ለእኛ የቀረው
ባዶ አዳራሽ ነው።
ቅርፊት ልጠን እንዳንበላ፣ ዛፉን እቶን በልቶታል።
እናቴን በየካቲት ቀበርን።
ስለ እሷ አልጽፍም።

ጓን ዪሼንግ ግን ተረፈ። ያ የብረት ኩበት
ከትምህርት ቤቱ ጓሮ ወድቆ፣ ልጆች እየሸኑበት፣
እሱ በየምሽቱ ይመጣ ነበረ፤
ኪሱ ይንቃጨላል፤ ጓጉንቸሩ እንጂ ቁልፉን ማን ጠየቀው፣ ከእጁ ላይ ቀረ።
ይንበረከክና በብረቱ ገላ ቀዳዳ ይፈልጋል፤
አንዱን ያስገባል፣ ያዞራል፣ ጆሮውን ይደቅናል፤
ያወጣል፤ ሌላ ይሞክራል።
አንድ ማታ ሄጄ አጠገቡ ቁጭ አልኩ። ዞሮም አላየኝ፤
አንዲት ቁልፍ ሰጠኝ።
ሞከርኳት፤ አልዞረች፤ ዝገት ነክሶ ያዛት።
ጎትቼ ሳወጣት፣
አንዲት ነጭ ጭረት ቀረች፣ ከሥሯ ቁጥር የሌላት።