ጥፍር መቁረጫ

ቅዳሜ ማለዳ፣ ጉም ከጦሳ ወርዶ፣
ባጃጁ አብርቶ በጭፍኑ ነጉዶ፣
ሆስፒታሉ በር ላይ ስወርድ ሲያካፋ፣
ደብተሬን ደበቅሁት ቀለሙ እንዳይጠፋ።

የማኅበር ጸሐፊ ነኝ። ደብተሬ ሁለት ዓምድ አለው፤
በግራ "ሰጪ" ይላል፣ በቀኝ "ተቀባይ" ነው።
ስምና መጠኑን በቀይና በጥቁር፣
ብርቱካን ስንት ኪሎ፣ ሳሙና ስንት ብር፣
እጽፋለሁ ለይቼ። ፎቶም አነሳለሁ፤
እውነቱን ልናገር፣ ራሴንም አስገባለሁ።

ከወንዶች ክፍል ውስጥ፣ ከመጨረሻው አልጋ፣
ጋሽ ላቀው ብርድ ልብስ ገልጧል፣ አንድ እግር ፍለጋ።
ኮምቦልቻ ፋብሪካ ሠላሳ ዓመት ኖሮ፣
ዛሬ ጡረተኛ ነው፤ ሐረጎን ተዟዙሮ፣
ሳፋውን በጭኑ፣ ሳሙናውን በኪሱ፣
ይመጣል። አይሰብክም፤ ሥራ ፈት ነው ምላሱ።
ሌላ ምን ይዟል? ጥፍር መቁረጫ። ያቺው ናት፤
ሰንሰለቷ የዛገ፣ ከሰኞ ገበያ የገዛት።

አባ ሙሄ ይማም፣ አስታማሚ የላቸው፣
ከወረባቦ ሰው አምጥቶ የተዋቸው፣
ጥፍራቸው እንደ ቀንድ ዞሮ ሥጋ ገብቶ፣
እግራቸው ተሸሽጓል የሰው ዓይን ፈርቶ።
"እኔኮ እስላም ነኝ" አሉ፣ እግራቸውን ሰብስበው።
"ጥፍሩስ?" አለ ጋሽ ላቀው።
ሳቁ። ሳል ተቀላቀለው።

"ና ያዝልኝ" አለ ዞሮ፤ እኔን መሆኑ ገባኝ።
ፎቶ ላነሳ ነው የመጣሁት፤ ምን አመጣብኝ?
ብርቱካኑ በአንድ እጄ፣ ስልኬ በአንድ እጄ፣
ተንበረከክሁ። ወድጄ አይደለም፣ ተገድጄ።

ተረከዛቸው ቋጥኝ፣ በውርጭ የተሰነጠቀ፤
ሽታው ሲመጣ ፊቴ ዞረ። አዩኝ። ፊታቸው ወደቀ።
ያንን የፊት መውደቅ በየትኛው ዓምድ ይጻፏል?
ስንት ኪሎ ብርቱካን መልሶ ያነሣዋል?

ቀጭ አለች መቁረጫዋ። ቀጭ። አንዱ ጥፍር
ዘሎ ደብተሬ ላይ አረፈ። ጋሽ ላቀው ሳይናገር
ቀጠለ።

ሳፋውን ሲያነሣ ነው ያየሁት የቀኝ እጁን፤
ማሽን የበላበትን አውራ ጣቱንና ሌባ ጣቱን።
በግራው ነው ለካ ያንን ሁሉ የሚቆርጠው።
የግራ እጁ ጥፍር ግን አድጓል። እሱን ማን ይቁረጠው?
"ቀኝህ የምታደርገውን ግራህ አትወቅ" ሲባል ሰምቼ፣
ግራ ለብቻዋ ስትሠራ አላውቅም ነበር አይቼ።

አባ ሙሄም አይተዋል። "እጅህን አምጣ" አሉት።
ጋሽ ላቀው፣ ስንት እግር ያጠበው፣ ስንቶች የመረቁት፣
እጁን ከኋላው ደበቀ።
"የለም፣ ይቅር፣ አባ ሙሄ፤ እኔ ደህና ነኝ" አለ፣
ጴጥሮስ በዚያ ማታ "እግሬን አታጥብም" እንዳለ።
"እንግዲያው የእኔን መልሰህ ትከል!" ብለው ተቆጡ፤
የሚንቀጠቀጡ ጣቶች ከብርድ ልብሱ ወጡ።

ዘረጋ። ሐረጎን ከመውጣት፣ እጅ መዘርጋት ከበደው።
እሱ "በስመ አብ" ሲል፣ እሳቸው "ቢስሚላህ" ብለው፣
ቀጭ።
እጃቸው ስቶ ቆዳውን ነካ፤ ደም ጠብ አለች፣ አንዲት።
"አመመህ?" "ኧረ ምንም።" ዋሽቷል፤ እኔ ነኝ ያየሁት።

"ወለሉን! አሁን ነው የወለወልነው!" አለች ነርሷ ገብታ።
ዙሪያዬን ባይ መጥረጊያ የለ፣ ሶፍት የለ። ለአፍታ
አሰብሁ። ከዚያ ደብተሬን ገልጬ
የዛሬዋን ገጽ ቀደድሁ፤ ሲሚንቶው ላይ ተቀምጬ፣
የአባ ሙሄን ወፍራሙን፣ የጋሽ ላቀውን ስሱን፣
የማን የማን እንደሆነ ሳልለይ ለቀምሁ ሁሉን።

ጠቀለልሁት። ውጭ ጉሙ ገና እንደቆመ ነው።
ብርቱካኑ አልጋው ሥር ቀረ፤ ስንት ኪሎ እንደሆነ እንጃ፣ ማን ቆጠረው።