ሐመሩ እና ሃሌታው

ጦሳ ዛሬ የለም፤ ጉሙ ውጦታል፤
የሱቄን መስታወት እስትንፋስ ጋርዶታል።
«ላሚኔሽን፣ ኮፒ፣ ጽሕፈት» ከሚለው
ማስታወቂያዬ ላይ «ላሚ» ነው የቀረው።

ጋሽ እንድሪስ ሙሄ ከካፖርታቸው ኪስ
ፍላሽ አወጡልኝ፣ በፌስታል የታሰረ፣ ዝናብ እንዳይርስ።
ሠላሳ አንድ ዓመት ቆጣሪ ሲያነቡ፣
በየሰዉ ግቢ ቁጥር ሲሰበስቡ፣
ቁጥሩን ለመሥሪያ ቤት፣ ሰዉን ለራሳቸው
ሲጽፉ ኖረዋል፤ ሁለት ነው ደብተራቸው።
መጽሐፉስ አልቋል፤ ያስቸገረው ማውጫው፣
ከመጨረሻው ገጽ፣ የስም መገናኛው።

ከፈትኩት። አበስኩ ገበርኩ!
ነጥቡ ከስም ተነሥቶ ቁጥሩ ጋ ሳይደርስ፣
ሐረጎ ዳገት ላይ እንደቆመ አይሱዙ መሐል ላይ ሲተነፍስ፤
ግማሹ ስም ደምቆ፣ ግማሹ ተጋድሞ፣
አንዱ ወደ ውስጥ ገብቶ፣ ሌላው ከዳር ቆሞ፤
ገጽ አርባ ሰባት ሦስቴ ተደግሞ።

እንደ ጀማሪ ሰው በእጄ አቃናሁት፤
አንድ በአንድ ገፋሁት፣ ሳብኩት፣ አቀጠንኩት።
አሥራ አንድ ሰዓት ላይ «አድስ»ን ነካሁ፤
የቀኑን ሥራዬን በአንድ ጠቅታ አጣሁ።
ማውጫ ጥላ ነው ለካ፤ ጥላ አይቃናም በእጅ፤
የጎበጠ እንደሆን ዛፉን ነው እንጂ።

ስታይሉ ውስጥ ገባሁ፤ የነጥቡን መድረሻ፣
የገቡን ልክ ሰጠሁ፣ ከላይ እስከ መጨረሻ።
አንዴ ነው ያዘዝኩት፤ አራት መቶው ስም
ቀጥ አለ እንደ ሠልፍ፤ አንድም
አላፈነገጠ።

የቀረው ፊደሉ።
ኮምፒውተር የኔታ ዘንድ አልተማረም፤ ለሱ
ሃሌታው ሌላ ነው፣ ሐመሩም ሌላ ነው፣ ብዙኃኑም ለራሱ።
ሐዋ፣ ገጽ ዐሥራ ዐራት። ሀዋ፣ ገጽ ስድሳ አንድ።
«ሽማግሌ ናቸው፤ ተምታቶባቸው ነው፤ ይሁን» አልኩ «አንድ።»
«ሁሉንም ተካ» አልኩት፤ ሐመሩ ሆነች።
አስቀመጥኩ፤ ዘጋሁት። ሁለት ገጽ፣ አንድ ሴት።
ደግ የሠራሁ መስሎኝ ነበር የዚያን ለት።

በማግስቱ መጡ። መነጽር አወለቁ
(ለቅርብ ነው የሚያወልቁት)፤
ጣታቸው ስክሪኑን ታከከ፣ ወረደ፣ ተመለሰ።
«ትንሿስ?»
«የቷ ትንሿ?»
«ሀዋ። የሃሌታዋ።»

ዝም አልኩ።

«በሐመሩ የተጻፈችው የሮቢቷ ናት፤
ቆጣሪዋን ሳነብ ‹ዘንድሮስ ስንት ጠጣሁ?› እያለች የምትስቅ።
ሀዋ የኔዋ ናት። አርባ ቀን ነው የኖረች።
ስሟን ከዚያች ሴት ነው የወሰድንላት፤
እንዳይምታታብኝ ብዬ ነው በሃሌታው የጻፍኳት።
ሌላ የሰፈረችበት ወረቀት የላት።»

ከዘጉት ወዲያ መቀልበስ የለም።
መብራት ሄደ። መጣ። ሄደ።
ሲመለስ ስውሩን ምልክት ገልጬ ገጽ ስድሳ አንድ ገባሁ፣
ስንቴ ያለፍኩበትን መስመር ያኔ አነበብኩ፦
«ሀዋ እንድሪስ። ሐምሌ ላይ መጣች፤ ነሐሴ ላይ ሄደች።
የቤታችን ቆጣሪ በዚያ ወር አልተነበበም።»

እጄ ሰነፈ።
«አብሽሪ» አሉኝ፣ እኔን!
ሐመሩን ነቅዬ ሃሌታውን ተከልኩ፤
ትናንት የፈራሁትን «አድስ»ን ጠቅ አደረግሁ።

ሐሰን፣ ሐሊማ፣ ሁሉም በሐመሩ ናቸው፤
ኀይሉ በብዙኃኑ ከታች ወርዷል።
በሃሌታው ሌላ ሰው አልጻፉም፤
ማውጫው ከነ አራት መቶ ስሙ በአርባ ቀን ልጅ ይከፈታል።
ለአንድ ስም ብቻ አንድ የፊደል ርእስ፦
በሙያዬ ይህ አያምርም፤ ወረቀት ይፈጃል።
ተውኩት።

ጋሽ እንድሪስ ጣታቸውን ከስሟ አነሡ፤
በነጥቦቹ ላይ፣ ሳያቋርጡ፣ እስከ ዳር አስኬዱ፤
ጎንበስ አሉ፣ ጉድጓድ ውስጥ እንዳለ ቆጣሪ፣
ቁጥሩን ጮክ ብለው አነበቡ፦
«ስድሳ አንድ።»